ከቅዳሴ በኋላ ያለው ማዕድ

በዑራኤል ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተቀምጠው እጃቸውን የሚዘረጉትን ሰዎች አማርኛ በሁለት ስም ይጠራቸዋል። አንዱ «ለማኝ» ነው። ይህን ፊት ለፊት የሚል የለም፤ ልጅ ሳያውቅ ቢለው እንኳ እናቱ ትቆነጥጠዋለች። ሌላው «የኔ ቢጤ» ነው። ቢጤ አቻ፣ እኩያ፣ አምሳያ ማለት ነው። ሰጪው ተቀባዩን «እኔን የሚመስል» እያለ ይጠራዋል ማለት ነው። ስለ ባልንጀራ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ከዚህ ያጠረና ከዚህ የጠለቀ ግን አላጋጠመኝም።

ችግሩ የሚጀምረው ከቃሉ በኋላ ነው። ሳንቲሙን ጣል እናደርጋለን፣ ደጁን እንሳለማለን፣ እናልፋለን። ወር በገባ በ22 እየተመላለስን በምንሳለመው ደጅ ላይ ዓመታት ከተቀመጡት መካከል የአንዷን ስም የሚያውቅ ስንቱ ነው? እኔ አላውቅም። ቢጤዬ ናት እያልኩ ስሟን አለመጠየቄ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል።

ቤተ ክርስቲያን በመንፈስ እንድታድግ፣ ለአካባቢዋም እንድትተርፍ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ክርክሩ ብዙ ጊዜ በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንዱ ወገን ጸሎቱ፣ ትምህርቱ፣ ንስሐው ይቅደም ይላል። ሌላው የተራበ ሆድ ስብከት አይሰማም፣ ዳቦው ይቅደም ይላል። ሁለቱም ወገኖች ጥቅስ አያጡም። እኔ ቂርቆስንና ካዛንቺስን እያየሁ የደረስኩበት ሐሳብ ግን ሁለቱም አንድ ነገር ይዘላሉ የሚል ነው። በመቅደሱና በመንደሩ መካከል አንድ ማዕድ አለ፤ ሰዎች በስም የሚተዋወቁበት ትንሽ ማዕድ። ጽዋ ማኅበር ይባል፣ ሰንበቴ ይባል፣ የቤት ሕብረት ይባል፣ እዚያ ማዕድ ላይ ጸሎቱና ዳቦው ተለያይተው አያውቁም። ማዕዱ ሲነሳ ግን ሁለቱም ይጎድላሉ።

ስለ ሰፈሩ ጥቂት ልበል። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው በሦስት ዓመቱ ሰማዕት ከሆነ ሕፃን ነው። በኛ ዘንድ በሚነገረው ታሪክ ኢየሉጣና ልጇ ቂርቆስ ወደ ፈላ ጋን ሊጣሉ ሲቀርቡ እናት የውሃው ድምፅ አስፈራት፤ ያጸናት ሕፃኑ ነበር፤ መልአኩ ገብርኤልም ውሃውን አቀዘቀዘው። በየዓመቱ ሐምሌ 19 የሚነገረው ይኸው ነው። ስለ መንፈሳዊ ዕድገት ስናወራ ሁልጊዜ ታላቅ ታናሽን ሲያስተምር ነው የሚታየን። በዚህ ሰፈር ስም ውስጥ ያለው ታሪክ ተገላቢጦሽ ነው። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ግቢ እንዳየነውም ስንት እናትና አባት ወደ ቤተ ክርስቲያን የተመለሱት ልጃቸው መዝሙር ሊዘምር ነጠላ ካስገዛቸው በኋላ ነው።

ካዛንቺስ ደግሞ ስሙ ጣሊያንኛ ነው። ወራሪው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራበት ድርጅት ነበረው፤ «ካሳ» ቤት ነው፣ «ኢንቺስ» የድርጅቱ ስም ምህጻር። ወራሪው ሲወጣ ስሙ በአዲስ አበባ አፍ ተቦክቶ ካዛንቺስ ሆነ። የቢሮ ሠራተኛ መንደር ሆኖ የተጀመረው ሰፈር በኋላ ሁሉንም ቻለ። በአንድ ወገን የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና ሒልተን፣ በሌላው ወገን የቀበሌ ቤት፣ የአዝማሪ ቤት፣ የጠጅ ቤት፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይተኛ መንገድ። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ አብዛኛው አሮጌ ቤት የቀበሌ ሆነ። ከዚያ በኋላ በአንድ ግቢ አምስት፣ ስድስት ቤተሰብ በጋራ ሽንት ቤትና በጋራ ቧንቧ እየተጠቀመ፣ በጋራ እድር እየተቀባበረ ኖረ። የዲፕሎማቱን መኪና የሚያጥበው ልጅ፣ የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ፣ የማታ ሴተኛ አዳሪዋና የመሪጌታው ቤት በአንድ አጥር ይለያዩ ነበር። ቤተ ክርስቲያን «አካባቢዬ» ስትል እዚህ ትል የነበረው ይህን ሁሉ ነው። ከዚያ ውስጥ ክርስቲያን ያልሆነውም ይገኝበት ነበር፤ በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከመቶ የአዲስ አበባ ነዋሪ 75 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 16 ያህሉ ሙስሊም፣ 8 ያህሉ ፕሮቴስታንት ነበሩ። የሰፈር እድር ድንኳን ሲተከል ግን ሃይማኖት አይጠይቅም።

አሁን ወደ 1964 እንመለስ። ያ ዓመትና ቀጥሎ የመጣው 1965 በዚሁ በጸሎቱና በዳቦው ጉዳይ ላይ የሚገርሙ ናቸው፤ ነገሩን አብረው ያስተዋሉት ግን ጥቂቶች ይመስሉኛል። በ1964 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽኗን አቋቋመች። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላከች። በ1965 ደግሞ በፓትርያርኩ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን «ቃለ ዓዋዲ» የተባለው የሰበካ ጉባኤ ደንብ ወጣ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዓመት ከጥቂት ወር ውስጥ፣ እርስ በርሳቸው ብዙም የማይነጋገሩ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ጥያቄ ላይ ተጠምደው ነበር ማለት ነው።

የመካነ ኢየሱስን ደብዳቤ ጉዳይ ቆም ብዬ ላየው እፈልጋለሁ። ከጀርባው የነበሩት ዋና ጸሐፊው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። ወለጋ ቦጂ ተወልደው፣ ነቀምት ሆስፒታል በሕክምና ረዳትነት ሠርተዋል፤ ካባ ከመልበሳቸው በፊት ቁስል አጥበዋል። ደብዳቤው የተጻፈው ለረጂዎች ነው፤ ግን ልመና አልነበረም፣ ይልቁንም ክስ ይመስል ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከአውሮፓ የሚመጣው ገንዘብ ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ፣ ለውሃ ጉድጓድ በቀላሉ ይገኛል። ለወንጌል አገልግሎት፣ ለአገልጋዮች ሥልጠና፣ ለጸሎት ቤት ግን አይገኝም። ልማቱ «ተጨባጭ» ነው፣ ሌላው «የሃይማኖት ጉዳይ» ነው ተብሎ በረጂው ጠረጴዛ ላይ ተከፍሏል። ኢትዮጵያውያኑ ያሉት ደግሞ ይህ ነው፦ ሰውን ለሁለት የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኛ ዘንድ ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ በየጽሕፈት ቤቱ አይታደልም። ውስጡ ነጻ ያልወጣ ሰው ድልድይ ቢሠሩለት ድልድዩን አይጠብቀውም። በኋላ «ሁለንተናዊ አገልግሎት» የሚባለው አነጋገር በአገራችን ወንጌላውያን ዘንድ የተለመደው በዚህ መንገድ ነው። ፌዴሬሽኑም ጉዳዩን ችላ አላለውም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ናይሮቢ ላይ በዚሁ ርዕስ ጉባኤ ተጠራ።

በዘመኑ ለነበረ የሉተራን አስተዳዳሪ ይህ ነገር እንግዳ ሆኖበት ይሆናል። ሥረ መሠረቱ ግን አሮጌ ነው፤ የቂርቆስ ደብተራም አያጣውም። ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ የቅዱስ ባስልዮስ ነው። ባስልዮስ በአራተኛው ክፍለ ዘመን ቂሳርያን ረሃብ ሲመታት ጎተራ ያስከፈተ፣ ከከተማዋ ውጪ ለድሆችና ለሕሙማን፣ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ጭምር፣ መጠለያ የሠራ ጳጳስ ነው። በመሠዊያው ፊት የሚደርሰውን ጸሎት ያዘጋጀውና የድኩማኑን ቤት ያሠራው አንድ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ቅዳሴው በቃል ይታወቃል፤ መጠለያውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ራሱ ከላይ ያልኩት መከፈል ሌላ መልኩ ይመስለኛል፤ ቄስ ጉዲና አውሮፓን የከሰሱበት ጥፋት በእኛም ደጅ አለ።

ቃለ ዓዋዲ ያየው ነገር ደግሞ ሌላ ነበር። ከዚያ በፊት ደብሩ የሚኖረው በመሬት ነበር። ርስትና ጉልት ነበረው፣ ከተማ ውስጥ የሚከራይ ቤት ነበረው። ካህኑን የሚያበላው ከሩቅ የሚመጣ ግብር እንጂ አጠገቡ ያለው ምእመን አልነበረም። ቃለ ዓዋዲ በየአጥቢያው ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አብረው የሚቀመጡበት ሰበካ ጉባኤ እንዲኖር፣ ምእመኑም ተመዝግቦ ዓመታዊ አስተዋፅኦ እንዲከፍል አደረገ። ደንቡ በወጣ በሁለት ዓመቱ አብዮቱ መጣ። የካቲት 25 1967 የገጠሩ መሬት ተወረሰ፤ በክረምቱ የከተማው ቤት ተከተለ። ሰበካ ጉባኤ ባይኖር ኖሮ የስንቱ ደብር በር በዚያ ዓመት ይዘጋ ነበር። ቤተ ክርስቲያን መሬቷ ሲሄድ የቀሯት አጠገቧ ያሉት ድሆች ነበሩ፤ ያኖሯትም እነርሱ ናቸው፣ በሚያወጡት ሳንቲም። ለእኔ ይህ በዘመናዊቷ ኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ከሰፈሯ ጋር የተዋወቀችበት ትልቁ ቅጽበት ነው። የመጣው ግን በፕሮጀክት አልነበረም፤ በድህነት ነው።

የሁለቱን መሪዎች፣ የቄስ ጉዲናንና የአቡነ ቴዎፍሎስን፣ መጨረሻ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቄስ ጉዲና ከዚህ አገር መውጫ መንገድ ቀርቦላቸው እንቢ አሉ፤ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ነው ነገሩ። ሐምሌ 21 1971 ቅዳሜ፣ በማግስቱ የዑራኤል ቀን ነው፣ በዑራኤል መካነ ኢየሱስ ጉባኤ አገልግለው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ተያዙ። እሳቸው በዚያው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወደ አሥር ዓመት ታሰሩ። በዚያው ክረምት ከመንበራቸው ተነስተው ታስረው የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። የሁለቱም አፅም የወጣው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ነው። ዛሬ ከካዛንቺስ ወደ ዑራኤል ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ታክሲ ሲጠብቅ ይህን የሚነግረው ጽሑፍ አያገኝም። ልጆቻችን ቢያንስ ከመጽሐፍ ያንብቡት ብዬ ነው እዚህ ያሰፈርኩት።

ወደ ማዕዱ ልመለስ። ሰንበቴን ያላየ አንባቢ ካለ፣ ነገሩ ቀላል ነው። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ የሰንበቴው አባላት በግቢው ካለችው ቤታቸው ይሰበሰባሉ። ተረኛው ዳቦውንና ጠላውን ይዞ ይመጣል። ካህኑ ይባርካል፣ ጸሎት ይደረሳል፣ ከአባላቱ በፊት ወይም ከአባላቱ ጋር የኔ ቢጤውና መንገደኛው ይቀምሳል። ጽዋ ማኅበሩም እንዲሁ ነው፤ በወር አንድ ቀን፣ በአንዱ ቅዱስ ስም፣ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። «ሙሴ» የሚሉት መሪ አላቸው፤ ሕዝቡን የሚመራ ስለሆነ ይመስለኛል። ተራው የደረሰ ሰው ካልደገሰ፣ ከታመመ ወይም ካዘነ ሙሴው ያውቃል። «አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው?» የሚል ሰው አለ። የመንፈስ ዕድገት የሚለካበት ሚዛን ቢሰጠኝ የምመርጠው ይህን ነው፦ ሰው ሲጠፋ ስንት ቀን ቆይቶ ይታወቃል? በየሰንበቱ አዳራሽ ሞልቶ የሚዘምር ሕዝብ ያላት ቤተ ክርስቲያን አንድ አባሏ ሦስት ወር ሳይመጣ ካላወቀች ቁጥሯ ለእኔ ብዙም አይነግረኝም።

ወንጌላውያኑ ይህን የተማሩት በግድ ነው። ለምሳሌ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንውሰድ። የሜኖናይት ሚሲዮናውያን በ1930ዎቹ መጨረሻ የመጡት በእርዳታ ሠራተኝነት ነው፤ ናዝሬት ላይ ሆስፒታል ሠሩ። የተጀመረችው ቤተ ክርስቲያን ጥር 1974 ላይ በደርግ ስትዘጋ 5,000 ያህል አባላት ነበሯት። ሕንፃው፣ ሰነዱ፣ የባንክ ሂሳቡ ተወሰደ። መሪዎቹ ለዓመታት ታሰሩ። ሰው ሁሉ አለቀላት አለ። አባላቱ ግን በየቤቱ አምስት፣ ስድስት እየሆኑ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መጸለይ ቀጠሉ፤ ቡናው ይፈላል፣ መጋረጃው ይዘጋል። ብዙዎቹን ቡድኖች የያዙት ሴቶች ነበሩ፤ ቤቱም ቡናውም የእነርሱ ስለሆነ። ደርግ ሲወድቅ ወደ አደባባይ የወጡት 34,000 ያህል ሆነው ነው። ይህን ቁጥር የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ስለ ስደት ኃይል ያወራሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው። አዳራሹ ሲወሰድ የቀረው ማዕዱ ነበር፤ ማዕዱ ደግሞ ሰዎቹን በስም ያውቃቸው ነበር። የታሰረ ሰው ቤተሰብ ጤፍ ያገኝ የነበረው በዚያው ማዕድ በኩል ነው፤ የልማት ኮሚሽን አልነበራቸውም።

አሁን ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ግን ሁለት በር አላቸው። አንዱ በር ላይ «ጽሕፈት ቤት» ይላል፣ ሌላው ላይ «ልማት»። በመካነ ኢየሱስም፣ በኦርቶዶክስም፣ በካቶሊክም፣ በሌሎችም የልማቱ ክንፍ ራሱን ችሎ የተመዘገበ አካል ነው፤ ለዚህም ሕጉና የውጭ ረጂው የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሥራው ትልቅ ነው፤ ድርቅ ሲመጣ ስንቱ የኖረው በእነዚህ ኮሚሽኖች እህል ነው። እኔ የምታዘበው ትንሽ ነገር ነው፦ የልማቱ ክፍል የሰለጠነ ባለሙያ፣ መኪናና ሪፖርት አለው፤ ሰባኪው የሕዝቡን ኀዘን ያውቃል፤ ሁለቱ አንድ ግቢ እየዋሉ ለቡና አይጠራሩም። የ1964ቱ ደብዳቤ የጮኸበት መከፈል ዛሬ አውሮፓ ድረስ አያስኬድም፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ይታያል።

የልጆቹ «ፕሮጀክት» የሚባለው ጉዳይም አለ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ኮምፓሽን ኢንተርናሽናል ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ወዲህ በመሀል ከተማ ብዙ የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የሕፃናት ድጋፍ ይዘዋል። በሰፈሩ ቋንቋ «የፕሮጀክት ልጅ» የሚባል አንድ ትውልድ ተወልዷል፤ ከእነርሱ ውስጥ ዛሬ ሐኪም፣ መምህር፣ ዘማሪ የሆኑ አሉ። ይህን የሚያጣጥል ሰው ካለ ያንን ቅዳሜ ጠዋት የተመገበውን ልጅ ይጠይቅ። ግን ስሙ ራሱ «ፕሮጀክት» መሆኑ ያስቸግረኛል፤ ፕሮጀክት መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ልጁ ሲያድግ ፋይሉ ይዘጋል። ማዕድ ግን አይዘጋም፤ ተራ ይዞራል እንጂ። በመሀል ከተማ ይህን ቀድመው ከተረዱት አንዷ ሲስተር ጀምበር ተፈራ ናቸው። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረው ከወጡ በኋላ በተጎሳቆሉ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ለመሥራት ራሳቸውን ሰጡ። ቤቱን፣ ጤናውን፣ የሰዎቹን መንፈስ በአንድ ላይ ካልያዝነው አንዱም አይቆምም የሚል አሠራር ይዘው ነበር። በእምነታቸው የጸኑ ቢሆኑም ሥራቸው የሰባኪ አይመስልም ነበር፤ ሽንት ቤት ያሠሩ ነበር። ከስብከቱ የማያንስ ነገር ነው።

ደግሞ ስለ በዓል ሰሞን «ማዕድ ማጋራት» አንድ ነገር ልበል፤ ቅር የሚለው ካለ ይቅር ይበለኝ። ዶሮ፣ ዘይት፣ ዱቄት ተደርድሮ፣ አረጋዊቷ ጠርሙስ ዘይት ታቅፈው ፎቶ ሲነሱ አይቼ አንገቴን የደፋሁበት ቀን አለ። ዘይቱ ያስፈልጋቸዋል፣ እሱ አያከራክርም። ነገር ግን ማዕድ መጋራት ማለት በአንድ ገበታ መቀመጥ ነበር። ካሜራው በገባበት ቅጽበት የኔ ቢጤነቱ ይቀርና ሰጪና ተቀባይ ይሆናል። ሰንበቴ ላይ ፎቶ የሚያነሳ የለም፤ ተረኛዋ ራሷ በሚቀጥለው ዓመት ተቸግራ ሊሆን ስለሚችል ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው የካዛንቺስ የቅርብ ጊዜ ነገር የሚመጣው። ከ2017 መባቻ ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በሚያካሂደው የኮሪደር ልማት ሁለተኛ ምዕራፍ አሮጌው ካዛንቺስ ፈረሰ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በራ፣ የብስክሌት መስመር ተሠራ። ነዋሪው ራቅ ወዳለው ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ሄደ። የሄዱት ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ናቸው፤ የተሻለ ቤት ያገኘም አለ፣ ሥራው የራቀበትም አለ። የልማቱን ጥቅምና ጉዳት ሌላ ሰው ይጻፈው። እኔን የያዘኝ ነገር ቤተ ክርስቲያኑ ቆሞ ምእመኑ መሄዱ ነው። ዑራኤል እዚያው ነው፣ ቂርቆስ እዚያው ነው፤ የሰበካ ጉባኤው መዝገብ ላይ ያሉ ስሞች ግን አድራሻቸው የለም። የእድር ድንኳን የሚሸከሙት ወጣቶች በአራት አቅጣጫ ተበትነዋል።

እስቲ አንዲት የካዛንቺስ እናት እናስብ። ስም አልሰጣትም። ሠላሳ ዓመት በአንድ ግቢ ኖራለች፤ ሰንበቴዋ ዑራኤል ነው፣ ጽዋዋ የጊዮርጊስ ነው፣ እድሯ የሰፈሩ ነው፣ ጎረቤቷ ሙስሊም ሴት ናት፤ በዐቢይ ጾምና በረመዳን ሳህን ይለዋወጡ ነበር። አሁን ገላን ጉራ አዲስ ቤት ገብታለች። ቧንቧው የራሷ ነው፤ ሽንት ቤቱም። ከእነዚህ ሁሉ ክሮች የተረፈላት ግን አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የንስሐ አባቷ ስልክ ቁጥር። እዚህ ላይ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የያዘችውን ሀብት ብዙም የምታስተውለው አይመስለኝም። እያንዳንዱ ካህን የነፍስ ልጆቹን ያውቃል፤ ማን እንደታመመ፣ ማን ከባሏ ጋር እንደተጣላች፣ የማን ልጅ ሥራ እንዳጣ። ይህ መዝገብ በየካህኑ ልብና በየካህኑ ስልክ ተበትኖ ነው ያለው። ሰበካ ጉባኤው ካህናቱን ሰብስቦ «ልጆቻችሁ የት የት ሄዱ?» ብሎ ቢጠይቅ በአንድ ከሰዓት በኋላ የተበተነውን ምእመን ካርታ ያገኛል፤ ለዚህ ባለሙያ መቅጠርም ሆነ ጥናት ማስጠናት አያስፈልግም። የወንጌላውያኑ የቤት ሕብረት መሪዎችም ይኸው መዝገብ አላቸው። በእነርሱ ደግሞ ልማድ አለ፤ አባል ሲርቅ አዲስ ሕብረት በሄደበት ይወለዳል። ኦርቶዶክሱ ይህን ከወንጌላዊው መማር አያሳፍረውም፤ ቀድሞም ጽዋ ማኅበር ከቤት ወደ ቤት ይዞር የነበረ የራሱ ነገር ነውና።

ሌላውም ነገር አለ። ካዛንቺስ ባዶ አልሆነም። አዲስ ሰው ይገባል፤ የቢሮ ሠራተኛ፣ የሆቴል አስተናጋጅ፣ ማታ የሚመጣ የእግረኛ መንገድ ተዝናኚ፣ የሕንፃ ጥበቃ። ጥበቃው ከሩቅ የመጣ ወጣት ነው፤ በሌሊት ፈረቃ ምክንያት ቅዳሴ አይደርስም፣ እድር የለውም፣ ቢሞት ሬሳውን የሚልክለት የለም። የዛሬው የቂርቆስ መንደር ትልቁ ብቸኛ ሰው እሱ ይመስለኛል። የትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ለጥበቃዎች ሻይ ይዞ የሚወጣ የሰንበት ትምህርት ቤት ያለው? ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ትልቅ ፔርሙዝና ስም የሚጠይቅ ወጣት ይበቃል። በዚህ ጉዳይ ሰባኪም መሆን አያስፈልግም፤ ሙስሊም ጥበቃ ቢሆንም ሻዩ አንድ ነው፤ የሰፈር እድር ያስተማረን ይህን ነው።

ወደዚያች እናት እንመለስ። የሰንበቴዋ ተራ ደርሷታል እንበል። ቅዳሜ ማታ ገላን ጉራ ዳቦ ጋገረች፤ እሑድ ከንጋቱ በፊት በጨርቅ ጠቅልላ ሁለት ታክሲ ትይዛለች፤ ዑራኤል ስትደርስ ቅዳሴው ሊያልቅ ነው። ግማሾቹ አባላት እንደሷ ከሩቅ ይመጣሉ፣ ግማሾቹ መምጣት አቅቷቸዋል። የሰንበቴው ሽማግሌዎች አንድ ነገር መወሰን አለባቸው፦ ዳቦው በግቢው ብቻ ይቆረስ፣ ወይስ በወር አንድ ጊዜ ገላን ጉራ ላይ፣ በአንዷ አባል ሳሎን፣ አዲሶቹ ጎረቤቶቿም ተጠርተው፣ ካህን ሄዶ ይባርክ? ሽማግሌው ደንቡ አይፈቅድም ይላሉ። ሙሴው ደንቡ ሲጻፍ ገላን ጉራ አልነበረም ይላሉ። ሴቶቹ ግን ቡና መቁላት ጀምረዋል፤ ሳሎኑም ተመርጧል። የካህኑን የታክሲ ሂሳብ ማን ይክፈል የሚለው ብቻ ነው እስካሁን የሚያከራክራቸው።